ጭነት የሌለው ድምፅ

«ኤሌክትሪክ መኪና ነፍስ የለውም።» ይህችን ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ፣ በጣሊያንኛና በጀርመንኛ የሚደጋግሟት የስፖርት መኪና አፍቃሪዎች ብዙ ናቸው። እኔ በአማርኛ የሰማኋት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ፣ ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ልጁ ፌራሪን ከስልኩ ውጭ አይቶ አያውቅም። ሐዘኑ ግን የምር ነበር። የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ሰጥቶኝ መጀመሪያ ባለ 12 ሲሊንደር የፌራሪ ሞተር ሲጮህ አሰማኝ። ቀጥሎ የአንድ ኤሌክትሪክ ሃይፐርካር ፉጨት አሰማኝና «አየኸው? ይኼኛው የሞተ ነው» አለ።

መሳቅ ይቻላል። ቤንዚን በሃይላንድ እየተቀዳ መንገድ ዳር በሚሸጥበት አገር፣ ጣሊያን ውስጥ ማራኔሎ በምትባል ከተማ ለሚሠራ መኪና ማዘን ቅንጦት ይመስላል። ግን ሰው ያላየውን ነገር በድምፁ ብቻ ቢወድ ምን ይገርማል? በሬዲዮ ዘመን ያደገ ሁሉ እንዲያ ነው የወደደው። ደግሞም ልጁ ጆሮው የሠለጠነ ነው፤ ባጃጁን ከዓይኑ ይልቅ በጆሮው ነው የሚነዳት። ስለዚህ አባባሉን እንደ አንድ የሂስ ፍርድ ወስጄ ልመረምረው አሰብኩ። ይህ ጽሑፍ የትኛው መኪና ይገዛ የሚል ምክር አይደለም፤ እኔም እናንተም አንገዛውም፣ እንተዋወቃለን። ጉዳዩ የድምፅ ነው፤ ድምፅ ምን ሲሸከም ነው ነፍስ አለው የምንለው?

ደቡብ ጎንደርን የሚያውቅ ሰው፣ መኪና እዚያ ከዓይን በፊት ለጆሮ እንደሚደርስ ያውቃል። ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ፣ ወደ እስቴ የሚመጣ አይሱዙ አቧራው ሳይታይ ድምፁ ይቀድማል። ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀንስ ሞተሩ አንድ ጊዜ ከፍ ይልና ተመልሶ ያቃስታል። ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ ፍሬኑን ለማዳን በሞተር ሲይዘው ሌላ ዓይነት ጉርምርምታ ያሰማል። እህል ጭኖ ይሁን ባዶውን የሚመጣው፣ ሹፌሩ መንገዱን የሚያውቅ ይሁን እንግዳ፣ መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ቀና ሳይል ይነግርሃል። ቆሞ ጭነት የሚጠብቅ ረዳት «እሱ ነው፤ መጣ» ካለ መጣ ማለት ነው። እኔም ልጅ ሆኜ በዚህ ጆሮ ነው ያደግኩት። በኋላ ከተማ ገብቼ ሰዎች ስለ ሞተር «ዜማ» ሲያወሩ ስሰማ ትንሽ ግራ ገባኝ፤ እኛ ዘንድ የሞተር ድምፅ ዜማ ሳይሆን ወሬ ነበር። የሚሸከመው ነገር ነበረው።

የዚህ ወሬ ቋንቋ ደግሞ፣ ስታስቡት፣ ከፌራሪ ቋንቋ ጋር አንድ ነው። ማንኛውም ጋራዥ ግቡና ጆሯችሁን ስጡ፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ። ማርሽም፣ ፍሬንም፣ ጎማም ከዚያው ናቸው። ጣሊያን የመጣው ሊገዛን ነበር፤ ሲወጣ መኪናውንና የመኪናውን አካል ስም ትቶልን ሄደ። አማርኛም ስሞቹን ተቀብሎ የራሱ አደረጋቸው፤ ዛሬ «ፍሪሲዮኑ ተበልቷል» የሚል መካኒክ የውጭ ቃል የተናገረ አይመስለውም። ማራኔሎ ያለ የፌራሪ ሠራተኛና ደብረ ታቦር ያለ መካኒክ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ፣ በሰላምታ ባይግባቡም በሞተር ይግባባሉ።

ኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ከዚህ መዝገበ ቃላት ግማሹ ሥራ ፈት ይሆናል። ካንዴላ የለውም፤ የሚቀጣጠል ነገር የለምና። ማርሚታ የለውም፤ የሚወጣ ጢስ የለም። ፍሪሲዮን የለውም። ካምቢዮውም እኛ በምናውቀው መልኩ የለም፤ አብዛኞቹ አንድ ቋሚ ማርሽ ብቻ ነው ያላቸው። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና «ነፍስ» የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ኪሣራ ሲቆጥሩት አላየሁም። አንድ ማሽን ሲሞት አብሮት የሚቀበረው በስሙ ዙሪያ የተሠራው ንግግር ነው፤ ስድቡ፣ ቀልዱ፣ «ካንዴላው ቆሽሿል» ተብሎ ለሰው የሚነገረው ፌዝ። ለእኔ ከፌራሪ ጩኸት ይልቅ የዚህ መጥፋት ያሳዝነኛል። ይህን በመዝገቡ ላይ ጽፌ ወደ ነፍስ ልመለስ።

በግዕዝ ነፍስና ነፋስ አንድ ሥር ናቸው። ነፍስ ማለት መጀመሪያውኑ እስትንፋስ ነው። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር በዚህ ትርጉም በእርግጥ ነፍስ አለው፤ ይተነፍሳል። አየር ይስባል፣ ከነዳጅ ጋር ያምቃል፣ ያቃጥላል፣ ያስወጣል። የባጃጅ ሹፌሩ አባባል እስከዚህ ድረስ እውነት ነው፤ እንዲያውም እሱ ካሰበው በላይ እውነት ነው። ግን የሚተነፍስ ነገር ሁሉ እኛ አገር አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ አየሩ ሣሣ ያለ ነው። መካነ ኢየሱስ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ያለ ቱርቦ በራሱ የሚተነፍስ ሞተር ከጉልበቱ አምስት እጁን አንድ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ወደ ላይ ጋይንት ውጡና ነፋስ መውጫ ድረሱ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ኪሣራውም ሩብ አልፎ ይሄዳል። ስሟን ልብ በሉ፤ ነፋስ የሚወጣባት ከተማ የሞተሩንም ነፍስ ታወጣለች።

ፌራሪ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው 12ቺሊንድሪ የሚባለው መኪና 6.5 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ የሚተነፍስ፣ በደቂቃ እስከ 9,500 ዙር የሚሽከረከር፣ 830 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው ያለው። ይህን ድንቅ ነገር ጉና ተራራ ሥር አምጥታችሁ አስነሡት እንበል። ሁለት መቶ ያህሉ ፈረስ ከበረቱ ሳይወጣ ይቀራል። ድምፁ አለ፤ ጉልበቱ የለም። ከጎኑ የቆመ ኤሌክትሪክ መኪና ግን አይተነፍስምና ከፍታው ምንም አይለው።

ይህ የወንበር ላይ ስሌት እንዳይመስላችሁ፣ ዓለም ላይ የተፈተነበት ቦታ አለ። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ አለ። የመኪና ውድድሩ ከ2,860 ሜትር ገደማ ይጀምርና 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 156 መታጠፊያ አልፎ 4,300 ሜትር ላይ ያልቃል። ማለትም ከደብረ ታቦር አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ ከጉና ጫፍ በላይ እንደ መውጣት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ሴባስቲያን ሎብ በፔዦ በ8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ወጥቶት፣ ይህን የሚሰብር አይገኝም ተባለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሮማን ዱማ በፎልክስቫገን ኤሌክትሪክ መኪና በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ወጣው። ከ8 ደቂቃ በታች የወጣ የመጀመሪያው መኪና ነፍስ የለውም የሚባለው ነው። ለደገኛ አንባቢ ይህ ውጤት ትንሽ ሊከነክን ይገባል። የነዳጅ ሞተር ውበት የተሠራው በዝቅተኛ አገር፣ በወፍራም አየር ነው። የኛ አገር አየር ድሮም አልወገነለትም።

በፍጥነት ታሪክም ቢሆን ኤሌክትሪክ እንግዳ ደራሽ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያለፈው የመንገድ ተሽከርካሪ፣ ቤልጂየማዊው ካሚል ዠናትዚ በ1899 እ.ኤ.አ. የነዳው፣ በባትሪ የሚሄድ ነበር። ምኒልክ የመጀመሪያውን መኪና ያዩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያመጣላቸው ሲድሊ የነዳጅ መኪና ነበር። እኛ ከመኪና ጋር የተዋወቅነው በነዳጅ ስለሆነ ነዳጁን «ባሕል»፣ ኤሌክትሪኩን «መጤ» እንላለን። ትውውቅ ቀደም ስላለ እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ነፍስ ያለበት ማሽን ካስፈለገ ደግሞ ደቡብ ጎንደር ከሁሉም የከፋውን አይታለች። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ለቴዎድሮስ ያቀለጡት ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት፣ በጨጨሆ አልፎ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ ወጥቶ መጋቢት ላይ መቅደላ ገባ። መንኰራኩር ላይ የተጫነውን መድፍ የጎተተው ሰው ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው፣ በገመድ፣ መንገዱን ከፊት እየቆፈረ። ያን ጉዞ የሰማ የመንገድ ዳር ገበሬ የሰማው የሰው ድምፅ ነው። ጭነት ያለው ድምፅ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ለማሰብ ወደዚያ መሄድ ይበቃል። ዛሬ ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና መንገድ፣ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ቻይናውያን የሠሩት፣ በከፊል በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል። ቻይናን ያዟት፤ ወደ ኋላ ትመጣለች።

እሺ፣ የፌራሪው ድምፅ ያምራል ወይስ አያምርም? ያምራል። ክህደት ውስጥ አልገባም። ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ከታች ሲነሣ ሻካራ ነው፤ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ሻካራው እየጠራ፣ እየቀጠነ ይወጣና መጨረሻ ላይ ሊበጠስ የደረሰ ክር ይመስላል። ከዚያ ማርሹ ይቀየራል፤ ይወድቃል፤ እንደገና ይነሣል። ይህ አወጣጥ ቀረርቶ ነው። ቀረርቶ የሚያወጣ ሰውም መጀመሪያ ላይ ጫፉን አይሰጥህም፤ ያስጠብቅሃል፣ ያንተንም ትንፋሽ ያስይዝሃል። ታሪክ አለው፤ መጀመሪያ፣ መውጣት፣ መውደቅ።

የኤሌክትሪኩ ሃይፐርካር ድክመት እዚህ ላይ ነው የሚታየኝ። ክሮኤሺያዊው የሪማች ኩባንያ ኔቬራ 1,914 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከቆመበት ተነሥቶ ከ2 ሰከንድ በታች 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል። አስደናቂ ነው። ግን ምን ይነገራል ስለ እሱ? ተነሣ፣ ደረሰ። መካከል የለውም። የቪዲዮ አቅራቢዎቹም ሲነዱት የሚያሰሙት የራሳቸውን ጩኸት ነው፤ ጭንቅላታቸው ከወንበሩ ጋር ይጣበቃል፣ ይስቃሉ፣ አለቀ። በቁጥር ብቻ የሚወደድ ነገር፣ ሌላ ትልቅ ቁጥር እስኪመጣ ነው የሚወደደው። መስራቹ ማቴ ሪማች ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. በዚህ ዋጋ መኪና የሚገዙ ሰዎች ኤሌክትሪክ እንደማይፈልጉ በግልጽ ተናግሯል። ምሳሌውም የእጅ ሰዓት ነበር፤ ዲጂታሉ ሁሉንም ነገር ይሠራል፣ ሀብታሙ ግን ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው በጥርስ ለሚሽከረከረው ነው። በዚያው ዓመት እሱ የሚመራው ቡጋቲ ቱርቢዮን የሚባል መኪና ይፋ አደረገ፤ 16 ሲሊንደር፣ 8.3 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ፣ በኤሌክትሪክ ሞተሮች የታገዘ፣ 250 ብቻ የሚሠራ። የኤሌክትሪኩ ነቢይ የነዳጅ ሞተር ካቴድራል ሠራ። ላምቦርጊኒም የመጀመሪያውን ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪናውን ቀን ወደ ኋላ ገፋው።

ሪማችን ግን እስከ መጨረሻው አልከተለውም። የሰዓቱ ምሳሌ ለሻጭ ትክክል ነው፤ ለሃያሲ አይበቃም። ሞተር እንደ ጥንታዊ ሰዓት ጌጥ ከሆነ ድምፁም ጌጥ ይሆናል፤ ጌጥ ከሆነ ደግሞ ከስፒከር ቢወጣስ ምን ይለዋል? ኩባንያዎቹ ይህን ጥያቄ ካነሡት ቆይተዋል። ውሸቱን የጀመረው ኤሌክትሪክ መኪና መሆኑን የሚያምኑ ካሉ ይስሙ፦ ቢኤምደብልዩ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤም5 የነዳጅ መኪና ነበር። ባለ ቱርቦ ሞተሩ ድምፁ ስለታፈነበት ኩባንያው የሞተር ድምፅ በመኪናው ስፒከሮች ለሹፌሩ ያጫውት ጀመር። ሹፌሩ ሞተሩን እየሰማ መስሎት ቴፕ እየሰማ ነው ማለት ነው። «ነፍስ» ያላት ቤት ውስጥ ነው ሐሰቱ የተወለደው።

ሃዩንዳይ ይህን ሐሰት ወደ ጥበብ አሳደገው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው አዮኒክ 5 ኤን ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ሆኖ፣ 8 ማርሽ እንዳለው ያስመስላል። ማርሹን ስትቀይር መኪናው ሆን ብሎ ይንገጫገጫል፤ ስፒከሩም የቤንዚን ሞተር ድምፅ ያወጣል። ካልፈለግህ የጦር ጀት ድምፅም አለልህ። ገምጋሚዎች በጣም ወደዱት። እንዲያውም ከሁሉም ኤሌክትሪክ መኪና «ነፍስ ያለው» የተባለው እሱ ነው።

ይህን ድምፅ በስልኬ ይዤ ደብረ ታቦር ላሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሰማኋቸው። መጀመሪያ የፌራሪውን ነበር ያስቀደምኩላቸው፤ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ቅንድባቸውን አንሥተው «ይኼ ጤነኛ ነው። ግን ብዙ ይበላል» አሉ። አዮኒኩን ሲሰሙ ዝም አሉ። «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምኩት። «ማርሹ ይቀየራል፤ ግን ጭነት የለውም። ዳገት ላይ ነህ ትለኛለህ፣ እሱ ሜዳ ላይ ነው። ባዶውን ነው የሚጮኸው። ምንድን ነው ይኼ ልጄ?» ኤሌክትሪክ መሆኑን፣ ድምፁ ከስፒከር እንደሚወጣ ነገርኳቸው። አልተናደዱም። «እንግዲያው ለማን ነው የሚጮኸው?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ «ነፍስ» የሚለውን ቃል ትቼ የሳቸውን ይዣለሁ፤ ጭነት። ድምፁ የሚሸከመው ሥራ አለ ወይስ የለም? ዳገቱን ያውቀዋል? በዚህ ሚዛን አዮኒክ 5 ኤን ይወድቃል። የሚያስቅ፣ የሚያዝናና፣ በደንብ የተሠራ ነው፤ ግን ያለቀስቱ ራሱ የሌለ ሰው ላይ ነው።

ድምፅ መጨመር በራሱ ግን ሐሰት አይደለም፤ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥር 25 ደብረ ታቦር ላይ የመርቆሬዎስ ዕለት ፈረስ ጉግስ የሚጫወተውን አስቡ። ፈረሱ አንገት ላይ ሻኩራ ይታሰራል፤ ፈረሱ ሲሮጥ ይንሿሿል። ሻኩራው የፈረሱ ድምፅ እንዳልሆነ ሕፃን ያውቃል። ማንም «ይህ ፈረስ ሲያሽካካ እንዲህ ነው» ብሎ አያታልልህም። ጌጡ ጌጥ መሆኑን አይደብቅም፤ ደግሞም የሚንቀሳቀሰው በፈረሱ ርምጃ ልክ ነው። ሃንስ ዚመር፣ የፊልም ሙዚቃ ደራሲው፣ ለቢኤምደብልዩ ኤሌክትሪክ መኪናዎች የሠራው ድምፅ ለእኔ ሻኩራ ነው። የቤንዚን ሞተር ነኝ አይልም። ትንሽ የሲኒማ አዳራሽ ይሸታል፣ ሁልጊዜም አልወደውም፤ ግን አይዋሽም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እሱን ያመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፌራሪ። ኩባንያው በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ መኪናውን የቴክኒክ አካል ሲያሳይ፣ ድምፁን በኮምፒውተር እንደማይፈጥር ተናገረ። የኋለኛው ሞተር አካል ላይ መርገብገብን የሚይዝ መሣሪያ ይገጠማል፤ የሚሽከረከሩት አካላት እውነተኛ ንዝረት ተይዞ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር ክር ይጎላል። ይህን እኛ እናውቀዋለን። አዝማሪ ቤት ያለው ማሲንቆ ማይክሮፎን ከተገጠመለት ስንት ዘመኑ ነው፤ ክራሩም እንዲሁ። ማይክሮፎኑ ጭራውን አይፈጥረውም። ጣቱ ከተሳሳተ ስሕተቱም ይጎላል። ፌራሪ ይህን በልኩ ከሠራው፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲጨነቅ መጨነቁ ይሰማል ማለት ነው፤ ኩሽኔታው ሲያረጅም እንዲሁ። ያን ጊዜ ሽማግሌው «ጭነት አለው» የሚሉ ይመስለኛል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ፌራሪ ወደ እኛ ይመጣል ከሚል ግምት ጋር አይምታታ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ከዚያ በፊት የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሞተሩ ትልቅ፣ ዕድሜው የገፋ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ይጥል ነበር፤ ኤሌክትሪክ መኪና ግን ከኤክሳይስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ሆነ። ዓለም «ነዳጅ ወይስ ኤሌክትሪክ» እያለ ሲከራከር፣ ኢትዮጵያ ጥያቄውን ከሁሉ ቀድማ በአንድ መግለጫ ዘጋችው። ውሳኔው ውስጥ ስለ ድምፅ አንድ ቃል የለም፤ የነበረው ዶላርና ነዳጅ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ስለ ድምፅ ብቻ የሚያስብ ሰው የነዳጅ ሰልፍ ላይ ሌሊቱን ያላደረ ነው።

ነገር ግን ክርክሩ እኛን ሳያካትት ተዘጋ። የመካነ ኢየሱሱ ልጅ ስለ 12 ሲሊንደር የሚያዝነው፣ ሊያገኘው ስለነበረ አይደለም። ዓለም አንድ ትልቅ ጨዋታ ሲጫወት ቆይቶ፣ ተራው ሊደርሰው ሲል ጨዋታው ተቀየረ የሚል ስሜት አለበት። ይህን ስሜት «ምቀኝነት ነው፣ ቅዠት ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። መልሱስ? አንዱ መልስ ከእግሩ ሥር ይፈሳል። የድሮው ሰፊ እስቴ ደቡባዊ ወሰን ዓባይ ነው፤ ሰባራ ድልድይ ያለበት፣ ጎንደርን ከጎጃም የሚለየው ገደል። እዚያ የሚያልፈው ውኃ ወርዶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ይገባል፤ 5,150 ሜጋ ዋት። አዲስ አበባ ላይ ያለ ድምፅ የሚያልፈው ባለ ብዙ ሚሊዮን ብር መኪና የሚሄደው በዚህ ውኃ ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ግን ገና የመብራት ገመድ አልደረሰውም። ጭነቱን ማን ተሸክሞ ማን ይጋልባል የሚለው የቴዎድሮስ መንገድ ጥያቄ፣ ይኸው፣ ገመድ ቀይሮ መጣ።

ቻይናን ያዟት ብዬ ነበር። አዲስ አበባ ጎዳና ላይ በየመንገዱ የምታዩት ቢዋይዲ ያንግዋንግ የሚባል የቅንጦት ክፍል አለው። የዚያ ክፍል ዩ9 የተባለ ኤሌክትሪክ የስፖርት መኪና በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ጀርመን ፓፔንበርግ የሙከራ ሜዳ ላይ በሰዓት 496.22 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ለሽያጭ የሚሠራ መኪና ከዚያ በፊት ያን ያህል አልሮጠም፤ ነዳጅም ይሁን ኤሌክትሪክ። ይህን ለባጃጅ ሹፌሩ ስነግረው «ቢዋይዲ? ይኼ የኛ ቢዋይዲ?» አለ። «የኛ» ያለው ነገር አስገረመኝ። ፌራሪን አንድም ቀን «የኛ» ብሎት አያውቅም።

ደብረ ታቦር ያሉት መካኒክ ደግሞ ስለ 496 ምንም አላሉም። ያሳሰባቸው ሌላ ነው። የነዳጅ ሞተር ጋራዥ ውስጥ ተለማማጅ ከዓይኑ በፊት በጆሮው ይማራል፤ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ። ኤሌክትሪኩ ኮፈን ሥር የታሸገ ሣጥን ነው ያለው፤ ሳይማሩ የነኩት እንደሆነ በመቶዎች ቮልት ይገድላል። ጉዳቱን የሚያነበው ላፕቶፕ ነው፤ የላፕቶፑ ቁልፍም ኩባንያው እጅ ነው። ጆሮ ለአርባ ዓመት ያጠራቀመው ዕውቀት ሥራው ምን ይሆናል? ጠየቅኳቸው። በስልኬ የኤሌክትሪክ ሞተር ሥዕል አሳየኋቸው፤ በመነጽራቸው ቀርበው፣ በጣታቸው እያሰፉ አዩት። ካንዴላ የለም። ማርሚታ የለም። ፍሪሲዮን የለም። ዘንጉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይቺ ኩሽኔታ አይደለችም?»

ናት አልኳቸው።

«እንግዲያው ትጮኻለች» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።